የድንኳኑ ቦታ

ገብረዋህድ ማያያዣውን ፔርኖ በመዶሻ መትቶ አስገባና መደልደያው ከትንሿ የሣር ማጨጃ ትራክተር ኋላ ተንጠለጠለ። ቀና ሲል ሚስቱ ለተኪዳን ጋቢዋን ተከናንባ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ እየመጣች ነው። ተኝታለች ብሎ ነበር የወጣው። ሮጦ የፕላስቲክ ወንበር አቀረበላት።

«አለቀ?» አለች፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠብቃ።

«ከሞላ ጎደል።»

ትራክተሯን፣ ጡረታ እስኪወጣ መካኒክ ከነበረበት ሆቴል አርጅታ ስትጣል ለምኖ ነው ያመጣት። መደልደያውን ግን ከራሱ ጭንቅላት ነው ያወጣው፤ ከተጣለ ቦይለር ጎበጥ ያለውን ላሜራ ቆርጦ፣ ከሥሩ የጭነት መኪና ባሌስትራ በይዶ፣ አፈር እንዲቆርጥ ጠርዙን በግራይንደር ስሎ። ለተኪዳን ብረቱን ከዳር እስከ ዳር አየችው። የመካኒክ ሚስት ናትና ብየዳ ታውቃለች።

«ለምን ነበር ያልከኝ ይሄ?»

«ለጎረቤታችን ልጅ ለአፍራህ ሠርግ ነዋ! እድሩ ድንኳን የሚተክልበት ተደልድሎ ይቆይ ብለው።»

የእድሩን የድሮ የድንኳን ቦታ መንገድ በልቶታል። አሁን የቀራቸው ከእነገብረዋህድ ጓሮ በስተኋላ የነበሩት ቤቶች የፈረሱበት ባዶ መሬት ነው፤ ድንጋይና ጉድጓድ። ባለፈው ክረምት አንድ ለቅሶ ላይ አግዳሚው ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ሽማግሌዎች ከነኩታቸው ተገለበጡና ሰው ለቅሶውን ትቶ ሳቀ። ሳቅ የሚቀድማት ለተኪዳን ያን ቀን አልሳቀችም።

«ዓይንህን በጨው ታጥበህ አፍራህን ዳርካት?» አለች። «እናቷ አዚዛ ትናንት አጠገቤ ተቀምጣ፣ ይቺ ልጅ ባል እምቢ አለችኝ እያለች አይደል እንዴ ያመሸችው!»

ገብረዋህድ መፍቻውን ፈለገ። መፍቻው እጁ ላይ ነበር።

«ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ተኝቼ እሰማሃለሁ። ጠዋት ትበይዳለህ፤ ከሰዓት የበየድከውን መልሰህ ትቆርጣለህ። መደልደያው ካላለቀ እኔም የማልሄድ መስሎህ ነው ገብሬ?»

እውነትም መስሎት ነበር። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዳት ካሉት ወዲህ የጀመረውን ነገር መጨረስ ይፈራል።

«ካዛንቺስ ፈርሶ ዘመዱም ጎረቤቱም እንደ ጤፍ ተበትኗል» አለች። «ለኔ ብሎ ከየዳር አገሩ በስንት ታክሲ የመጣ ሰው ጭቃ ላይ አይቀመጥብኝም። በቃ፣ አስነሣት።»

ትራክተሯ ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋችና ተነሣች። መደልደያውን በሰንሰለቱ አውርዶ ነዳ። ዞር ብሎ ሲያይ ባሌስትራው መሬቱን አልነከሰም፤ እየዘለለ ላይ ላዩን ይጭራል።

«ክብደት የለውም!» ብላ ጮኸች ለተኪዳን። «ልቀመጥበት?»

«ኧረ በማርያም፣ አታሹፊ!»

እሷ ግን ተነሥታለች። ድሮ ለተኪዳን ታክሲ ውስጥ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ረዳቱ ጠጋ ጠጋ በሉ ብሎ ሰው አይጨምርም ነበር። ሰፈሩ በውፍረቷ ያሾፍባታል፣ እሷም ከሰፈሩ ቀድማ ትስቃለች። አሁን ጋቢውን አጥፎ መደልደያው አናት ላይ ሲያስቀምጣት ክንዱ ላይ ምንም አልከበደችውም። ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያንቀላፋበት መኪና ነዳ።

«ነከሰ?» አለች ከኋላው እየሳቀች።

«ነክሷል!»

ሲያቆም ዞር ብላ የመጡበትን አየች። ድንጋዩም ጉድጓዱም እንዳለ ነው። ሳቋ ቆመ።

«አትዋሸኝ» አለች። «ለዚህም አልበቃሁም ማለት ነው።»

ያኔ ገብረዋህድ አለቀሰ። ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ፣ ዘይት በነካው እጅጌው ዓይኑን እየጠረገ አለቀሰ። አላባበለችውም። አልቅሶ እስኪወጣለት ጠብቃ፣ ከፈረሱት ቤቶች የተረፈውን የመሠረት ድንጋይ በአገጯ አሳየችው።

«ያንን ጫንበት።»

እሷን ወደ ወንበሯ መልሶ ጫነበት። የትኛው ድንጋይ ከማን ቤት እንደወጣ ያውቃል፤ አብሯቸው ያረጀ ሰፈር ነው። በድንጋዮቹ ክብደት ብረቱ አፈሩን ነከሰ፤ ጉብታው ተገፍቶ ጉድጓዱን ሞላ። ለተኪዳን ወንበሯ ላይ ሆና፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እዚያ ጋ ድገመው፣ እያለች አዘዘችው። ሲመላለስ ቆይቶ መሬቱ ለጥ አለ።

ሞተሩን ሲያጠፋ ከወንበሯ ተነሥታ የትራክተሯን ጎማ ተደገፈች።

«ወንበሩን ውሰድና ከጓሯችን ግንብ ሥር አድርገው። ለቀስተኛው በዚህ በኩል ነው የሚገባው። አንተ እዚያ ከሆንክ ነፋሱ ወገብህን አያገኘውም። ተቀመጥ እስኪ።»

ተቀመጠ።

«ይወዛወዛል?»

«አይወዛወዝም።»

ጎማውን ለቀቀች። ምንም ሳትይዝ፣ ማንም ሳይደግፋት በተደለደለው መሬት ላይ ወደ እሱ መጣች። እግሯን አንድም ነገር አላደናቀፋትም። አጠገቡ ስትደርስ ጎንበስ ብላ እጁን ያዘችው።

«እግዜር ያጥናህ» አለችው።

ሊነሣ ሲል ትከሻውን ተጭና አስቀመጠችው። ለቀስተኛ እንዲህ ሲል አሜን ነው የሚባለው። ገብረዋህድ በአሜን ፈንታ እጇን አጥብቆ ያዘ። ሌላው እጇ ትከሻው ላይ ከበደው።