ለሽልማት የታጨው ዌብሳይት እና ሊዘጋ የነበረው የጫማ ቤት

«እትዬ... ካሜራውን አይዩት። እኔን እያዩ ይናገሩ።»

«ምን ልበል?»

«ዌብሳይቱ ሥራዎን እንዴት እንደለወጠው ይንገሩን። ፈገግ ብለው...»

ጫማ ሠሪዋ እጃቸው ላይ የደረቀውን ማስቲሽ በጥፍራቸው ይልጡ ጀመር።

አንድ እግራቸው ላጠረባቸው ሰዎች ጫማ ሲሠሩ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። አንዱን ሶል ወፍራም፣ ሌላውን ስስ... ሰውዬው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ።

መንገድ ዳር የነበረው ሱቃቸው ሲፈርስ ጓሮ ገቡ። በበራቸው የሚያልፍ ሰው ጠፋ። የቀራቸው ተስፋ ይህ ካሜራ የያዘ ወጣት ዲዛይነር የሠራላቸው ዌብሳይት ብቻ ነበር።

እሱ ደግሞ በዚሁ ዌብሳይት ለሽልማት ታጭቷል። ያላሳየው ሰው የለም። ለእናቱ እንኳ በስልኳ ከፍቶላት «አርባ ሺህ ሰው አየው!» ብሏታል።

አሁን የቀረው፣ ሥራው ምን ውጤት እንዳመጣ ደንበኛዋ በቪዲዮ እንዲመሰክሩለት ነው።

«እውነቱን ልናገር?» አሉ ጫማ ሠሪዋ።

«እሱማ!»

«ዌብሳይቱ ያምራል። እጅህ ይባረክ። ግን... በወሩ መጨረሻ ሱቁን ልዘጋ ነው።»

ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

«እንዴት እትዬ? አርባ ሺህ ሰው አይቶት?»

«እሱ እኮ ነው የገደለኝ! ያላየ ሰው ባያዝ አይገርመኝም። ይሄ ሁሉ ሰው አይቶ አንድ እንኳ ካላዘዘ... ሥራዬ ነዋ ያልተወደደው። እጄ አርጅቷል ማለት ነው።»

ጥግ ላይ የስፌት መኪናቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ገዢውን ይጠብቃል።

ነገሩ ለወጣቱ አልዋጥለት አለ።

«ኢሜይልዎን ግን ይከፍቱታል?»

«ጠዋት ጠዋት። እንደ ባዶ ድስት ክዳኑን አነሳና መልሼ እከድነዋለሁ። ያኔ ስልክና አድራሻዬን በትልቁ ጻፍልኝ ብዬህ ነበር...»

«ዲዛይኑን ያበላሻል ብዬ ነዋ! የማዘዣ ፎርሙ ይበቃል። ይኸው፣ እኔ ራሴ ልዘዝዎት።»

በእሳቸው ኮምፒውተር ፎርሙን ሞላ። «ላክ» የሚለውን ተጫነ።

ጠበቁ... ኮምፒውተሩ ዝም።

ኪሱ ውስጥ ግን ስልኩ ጮኸ።

«ኔትወርኩ ነው» አለና ደግሞ ላከ።

ኪሱ ደግሞ ጮኸ።

«አንሳው እንጂ ልጄ... ሰው እየፈለገህ ነው መሰለኝ» አሉት።

ስልኩን አውጥቶ መልእክቱ በየትኛው ኢሜይል እንደገባ አየ።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው። ዌብሳይቱን ሲሠራ፣ ፎርሙን ለመሞከር የራሱን ትርፍ ኢሜይል አስገብቶ ነበር። ሲጨርስ በሳቸው ሊቀይረው... ረሳው። ያ ኢሜይል የማስታወቂያ መጣያ ስለሆነ፣ ቢጮህም ከፍቶት አያውቅም።

«አንዴ አየር ልቀበል» ብሎ በረንዳው ላይ ወጣ። ከፈተው።

አንዷ ለልጇ ታዛለች። አንድ አዛውንት «እባክዎ መልስ ይስጡኝ» ይላሉ። ሌላው ተናዶ «ሰው የሚንቁ ከሆነ ለምን ሱቅ ከፈቱ?» ብሏል።

መጀመሪያ ያሰበውን ልንገራችሁ?

«አድራሻውን አሁኑኑ ብቀይረው ማን ያውቃል? ነገ ትዕዛዙ ይመጣላቸዋል... እኔም ሽልማቴን እወስዳለሁ።»

ሊቀይረው ሲል አንድ ስም አየ።

የእናቱን ስም።

«እንደምን አሉ? አንድ እግሬ አጭር ነው። ልጄ ሊሸለም ነውና አብሬው መሄድ እፈልጋለሁ። አዳራሹ ደረጃ ይበዛዋል፣ ቤት ሆነሽ እዪው ብሎኛል። ሳላነክስ ገብቼ ላስደንቀው ነበር። እባክዎ እንዳይነግሩት።»

ከሥሩ ሌላ አለ።

«መልስ አላገኘሁም። ሥራ በዝቶብዎት ይሆናል። እግዜር ይርዳዎት።»

አዳራሹ... አንድም ደረጃ የለውም።

ስታነክስ ሰው እንዳያይበት ብሎ የፈጠረው ሰበብ ነበር።

ተመልሶ ገባ። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«እትዬ... እጅዎ አላረጀም» አለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡ። አልተሳደቡም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«እኔ እኮ...» አሉ፣ «ስንት ወር ሙሉ ራሴን ስረግም ነው የከረምኩት።»

«ይቅር ይበሉኝ... ይቺኛዋ ደግሞ እናቴ ናት።»

አዩት። ጣታቸው መልእክቷ ላይ እንዳለ አዩት።

«ይቅርታውን ቆይተን እናየዋለን። ነገ ይዘሃት ና። በፎርም አይደለም... ክንዷን ይዘህ። አሁን ያን ጨርቅ ከመኪናዬ ላይ ግለጥልኝ።»

ገለጠ።

ለጻፉት ሁሉ በዚያው ዕለት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይደብቅ መለሰላቸው። አንዳንዶቹ ሌላ ቦታ አሠርተው ነበር... አንዳንዶቹ መጡ። ሱቁ አልተዘጋም። እሱ ከውድድሩ ወጣ።

እናቱ አዲሱን ጫማ አድርጋ ቀጥ ብላ ስትራመድ፣ ስለ ሽልማቱ ጠየቀችው።

«ቀረ፣ እማዬ።»

«ውይ ልጄን... ደረጃው በዝቶብህ ነው?»

አውቃ ትበለው ሳታውቅ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቃትም። አፍሮ።

ወዳጆቼ... ሂሳብ አይዋሽም ይባላል። እውነት ነው። እኛ ግን የሚቆጠረውን እየመረጥን ራሳችንን እንዋሽበታለን። ይህ ልጅ ዌብሳይቱን ያየውን ሰው ሁሉ ቆጠረ... ጫማ ሠሪዋን ግን «ሥራ መጣልዎት ወይ?» ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀም። ጫማ በመስኮት ያየው ሰው ብዛት ምን ያደርጋል? ያደረገው ሰው ካልተራመደበት ጫማው አልተሠራም።

እናንተስ... ሥራችሁን ካስረከባችሁ በኋላ ተመልሳችሁ «ጠቀመህ ወይ?» ያላችሁት ሰው አለ? ወይስ መልሱን ፈርታችሁ ተዋችሁት?

እውነቱን ከሥር ጻፉት... እዚህ የሚጻፍ ኪስ ውስጥ አይቀርም፤ ሁሉንም አነበዋለሁ።