የቬርና አሥራ ሁለት ጎረቤቶች

ቬርና የኮምፒውተር እርሻ ጨዋታ ዘዴዋን አትደብቅም ነበር። እንጆሪ በአራት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል፤ ሳይለቀም ሌላ አራት ሰዓት ካለፈው ይደርቃል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ስንዴ ይዝራ። ስጦታ ሳይጠየቁ መላክ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጎረቤት ነው፤ አሥራ ሁለት ጎረቤት የሌለው ሰው መሬቱን ማስፋት አይችልም፣ የጨዋታው ሕግ ነው።

ይህን ሁሉ የምትነግረው ለታናሽ እህቷ ለዶሪስ ነው። ዶሪስ አትጫወትም። ማዕድ ቤት ተቀምጣ ፔሮጊ የሚሉትን ድንች የተሞላ የሊጥ ምግብ እየደፈነች በእህቷ ትከሻ በኩል ኮምፒውተሩን ታያለች፣ ትተቻለች።

«ስልሳ አምስት ዓመትሽ ነው እኮ። የሌለች ላም ታልቢያለሽ።»

«የነበረችውን ሸጠብኛ።»

የሸጠባት ባሏ ኦሬስት ነው። ሐኪሙ ልብህ አይችልም ሲለው፣ አርባ አንድ ዓመት አብረው ያረሱትን መሬት ሳያማክራት ሸጦ፣ እዚያው ካናዳ፣ ሳስካችዋን ውስጥ ወዳለች ትንሽ ከተማ ይዟት ገባ። ቬርና አንድ ወር ሙሉ አኮረፈችው። ከዚያ አንድ ምሽት እራት ላይ፣ «መሬቱን ብቻ መሰለህ የሸጥከው? ጎረቤቶቼንም ነው» አለችው። ኦሬስት አቀርቅሮ በላ። ሲፈጥረውም ንግግር ላይ ሰነፍ ነበር።

ለካሳ ብሎ በገዛላት ኮምፒውተር ጨዋታውን የጀመረችው ያን ሰሞን ነው። እዚያ ግን ጎረቤት አላጣችም። በጥቂት ሳምንት ውስጥ አሥራ ሁለቱም ተሟሉ። የኦንታሪዮዋ ክላራ በየጠዋቱ የፖም ችግኝ ትልክላታለች። ጡረተኛው ዋልተር ማሳዋን ያጠጣላታል። ሁሉም ወሬ አያበዙም፣ ስጦታ ግን አያጓድሉም። ቬርና ፊታቸውን ሳታይ ወደደቻቸው።

«ጎረቤቶችሽ መሬት ማባከን ይወዳሉ» አለቻት ዶሪስ አንድ ቀን። «ሁሉም በበሩ በኩል ያለችውን ጥግ ባዶ ትተዋታል።»

«የከተማ ሰዎች ናቸው፤ ስለ እርሻ ምን ያውቃሉ?»

ዶሪስን ያሳሰባት ግን ሌላ ነገር ነው። ኦሬስት ለራሱ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቶ ምድር ቤት አስገብቷል። የእጅ ሰዓቱ በቀን አራት ጊዜ ትጮሃለች። ስትጮህ ሹካውን አስቀምጦ ይወርዳል፣ በሩንም ከውስጥ ይዘጋል።

«ቀጠሮ ያለው ወንድ ነው እንዲህ የሚሆነው» አለች ዶሪስ።

«ኦሬስት? ለኔ እንኳ ሁለት ቃል አይተርፈው።»

«ለሷ ጨርሶት ይሆናላ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እቴ።»

ነገሩ ቬርና ልብ ውስጥ ገባ። አንድ ቀን ኮቴዋን አጥፍታ ወረደችና፣ መዝጋቱን ረስቶት ኖሮ በሩን ገፋ ስታደርገው ተከፈተ። ኦሬስት ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ደንግጦ ኮምፒውተሩን ድርግም አደረገው።

«ማናት?»

«ማንም የለችም።»

«ታዲያ ምን አስደነገጠህ?»

ጆሮው ቀላ። «ተይኝ፣ ቬርና» ብቻ አለ።

የዚያን ዕለት አልጋ ለየች።

በረዶው ሲጀምር ልቡ አመመውና ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ቬርና ማታ ማታ ቤት ስትመለስ ጨዋታውን ትከፍታለች። በነዚያ ሦስት ቀናት ከጎረቤቶቿ አንድም ብቅ ያለ የለም፤ ክላራ እንኳ ችግኝ አልላከችም። ለቁርጥ ቀን የማይሆን ወዳጅ ብላ አዘነችባቸው። በሳምንቱ መጨረሻ ጎረቤቶቿ ሲመለሱ ግን ይቅር አለቻቸው። ኦሬስትን ይቅር አላለችውም።

ጥር ውስጥ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ምድር ቤት ወንበሩ ላይ ሞቶ አገኘችው። ኮምፒውተሩን ስትነካው የይለፍ ቃል ጠየቃት።

«ተይው» አለች ዶሪስ። «ስሟን ብታውቂ ምን ይጠቅምሻል?»

ቬርና ተወችው። ዶሪስ በመኪናዋ ጭና ወስዳ ቆሻሻ መጣያ ጣለችው። ማታ ቬርና ለጎረቤቶቿ ለእያንዳንዳቸው «ባለቤቴ ዐረፈ» ብላ ጻፈች።

ቅዳሜ ቀበሩት። ከቀብር መልስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ፣ መሬቱን የገዛው ሜትሮ የሚባል ገበሬ ተነስቶ ተናገረ።

«ሲሸጥልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነኝ። በበሩ በኩል ያለችውን ጥግ አትዝራባት፣ አባቴም አልዘራባትም፣ የወፎች ናት አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልነካኋትም።»

ሰው እንባውን ጠረገ። ቬርና ግን ለወፍ የሚራራ ልብ ለኔ ምነው ጠፋ ብላ ተቃጠለች። እንባም እምቢ አላት።

ሰኞ ጠዋት የመቃብር ድንጋይ ጠራቢው ደወለ።

«እንደ ሁልጊዜው የሁለታችሁንም ስም ላድርገው? የእርስዎን ቀን ክፍት እተወዋለሁ።»

«የሱን ብቻ» አለች። «እኔ ሌላ ቦታ ነው የምቀበረው።»

«በኋላ ልጨምር ቢሉ ቦታ አይኖረውም።»

«የሱን ብቻ።»

«እሺ፣ ዛሬውኑ እጀምረዋለሁ።»

ስልኩን ዘግታ፣ መርዶውን ከጻፈችላቸው ወዲህ ዘወር ብላ ያላየችውን ጨዋታ ከፈተች። ስድስት ቀን ሙሉ ከአሥራ ሁለቱ አንድም አይዞሽ ያላት አልነበረም። ከሁሉ የክላራ ዝምታ አንገበገባት። እናንተም በቃችሁኝ ብላ አንድ በአንድ ልትሰርዛቸው ቆረጠች፤ ሳትሰርዛቸው ግን ለመጨረሻ ጊዜ በየእርሻቸው ልትዞር ፈለገች፣ ከክላራም ጀመረች።

አሥራ ሁለቱም እርሻዎች ከማክሰኞ ጠዋት ወዲህ እጅ ሳይነካቸው ደርቀው ነበር፤ እንደ ድሮዋ የቆየችው በየበሩ ጥግ ያለችው ባዶ ቁራሽ መሬት ብቻ ነበረች።