ጥሎት ያለፈው ሯጭ

ማራቶኑ ሊጀመር ሲል ዝናቡ አላባራም። የሰፈሩ ሯጮች ጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ አንገቱና ክንዱ ጋ ቀድደው አጥልቀዋል። አንዱ ቁርጭምጭሚቱን ያሽከረክራል፣ ሌላው የጫማውን ማሰሪያ አሥሮ ይፈታል፣ ፈትቶ ያሥራል። ባለላውንድሪዋ ግን ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። አናጢውን ታያለች።

ባሏ በዚሁ ውድድር ላይ ከሞተ ዓመት ሆነው። ከድልድዩ አለፍ ብሎ፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ ነው ያገኙት። እሱም ላስቲኩን እንደለበሰ ነበር። ሐኪሙ «ልቡ ነው። ትንሽ ቀደም ብሎ ሰው ቢደርስለት ኖሮ…» ብሎ መነጽሩን መወልወል ያዘ። እሱ ያልጨረሰውን እሷ ጨረሰችው፤ ዓመቱን ሙሉ ስትጨርሰው ከረመች። ሰው ቢደርስለት ኖሮ ይተርፍ ነበር። ታዲያ ማነው ያልደረሰለት?

ለማወቅ ብዙም አልደከመች። ድልድዩ ጋ ውሃ ታድል የነበረች ሴት አይታለች። ቢጫ ኮፍያ ያደረገ ሯጭ ጎንበስ ብሎ ሰውየውን አነጋገረው፤ ከዚያ እግሬ አውጪኝ ብሎ ፈረጠጠ። «ሌባ እንኳ እንደዚያ አይሮጥም» አለች ሴትየዋ። «እኔማ ያኛው አረፍ ያለ መስሎኝ!»

ከሰፈሩ ሯጮች ቢጫ ኮፍያ ያለው አናጢው ብቻ ነው። ሥራ ቦታው ድረስ ሄደችበት።

«አነጋግረኸዋል?»

«አዎ።»

«ጥለኸው ሄድክ?»

አናጢው መላጊያውን እያየ «አዎ» አለ።

«ምን አለህ? ምን ብሎ ለመነህ?»

«ተይኝ እህቴ። በፈጠረሽ ተይኝ።»

አልተወችውም። ሸሚዝ ሊያስተኩስ የመጣ ሁሉ ካውያው እስኪግል ይህን ታሪክ ሰምቶ ይሄድ ጀመር። በር ሊያሠራ ያሰበ ሌላ ሰፈር ሄዶ አሠራ። አልጋ ያዘዙ ሙሽሮች ሐሳባቸውን ቀየሩ። የአናጢው ሚስት ሰው በዞረች ቁጥር ሲያንሾካሹክ ቢመራት ልጇን አዝላ እናቷ ቤት ገባች። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ለራሱ አልተከራከረም። መንገድ ላይ ሲያገኛት ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። እሷም ይህን አይታ፣ ጥፋተኛ ምን ዓይን አለው ብላ የበለጠ ትጨክናለች።

ዛሬም ባቱን በፋሻ ጠቅልሎ ከሰልፉ ጭራ ቆሟል። አጠገቡ የቆመ ሰው የለም።

«ምን ፊት ይዞ መጣ?» አለች።

«አንቺ ደግሞ በጠዋቱ አትንደጂ» አላት መካኒኩ። ከቀርፋፋነቱ የተነሳ ሰፈርተኛው «ቱርቦ» የሚለው እሱን ነው። «ሆድሽስ እንዴት አደረ?»

«ኧረ ዝም በል!»

ነገሩ እውነት ነው። ፍርሃቷ ሁሉ ሆዷ ላይ ነው የሚወጣው። አምና ድልድዩ ጋ ሳትደርስ፣ መንገዱ አጋማሽ ላይ ሽንት ቤት ወረፋ ይዛ ስትቁነጠነጥ ስንቱ ሯጭ አለፋት። ስትወጣ በእልህ ሮጠች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ሮጣ አታውቅም። ጨርሳ፣ ሜዳሊያዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ፣ ባሏን ስትጠብቅ ቆየች። ጉልበቱ ደህና ስላልነበረ ሁልጊዜም ከኋላ ነው የሚመጣው። ያን ቀን አልመጣም።

«አምና በጎኔ ስታልፊ ስሚ ብል፣ ስሚ ብል!» አለ ቱርቦ። «እቺ ሴትዮ ስትሮጥ ቤቷ ቢቃጠልም ዞር አትልም።»

«ምን ልይ ብዬ? የተቀመጠ ሯጭ ካየሁ የእኔም ጉልበት ይከዳኛል።»

ተኩሱ ተተኮሰና ሕዝቡ ነጎደ።

ዛሬ ግን ለሰዓቷ አልሮጠችም። አናጢውን ከፊት አስቀድማ፣ ኮቴውን እየቆጠረች የምትከተል ይመስል ነበር። ነፋሱ ዝናቡን በፊታቸው ይወረውራል። ጫማዋ ውሃ ቋጥሮ በየእርምጃው ይንቦጫረቃል፤ የአውራ ጣቷ ጥፍር ከተነቀለ ቆይቷል፣ ሕመሙንም ረስታዋለች። ሰውየው እያነከሰ ነው። ቀስ በቀስ ሌሎቹ ሁሉ አልፈዋቸው ሄዱ።

ድልድዩን ተሻግሮ ጥቂት እንደሄደ ጮኸ። ባቱን ይዞ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተዘረረ።

መጥታ ከላዩ ቆመች።

«ጥሩ ቦታ መርጠሃል» አለችው።

«እህቴ፣ ሰው ጥሪልኝ። ባቴ ተበጥሷል፣ ብርዱም…» ጥርሱ ተንቀጫቀጨ።

«አንተ ለእሱ ሰው ጠራህለት?»

ከንፈሩ ጠቁሯል።

«እጠራልሃለሁ። መጀመሪያ ግን ምን እንዳለህ ትነግረኛለህ። አልነግርም ካልክ እኔም እንዳንተ ፈርጥጬ እሄዳለሁ።»

«አይጠቅምሽም።»

«የሚጠቅመኝን እኔ አውቃለሁ!»

«ዓመት ሙሉ ስሜን ስታጠፊ ዝም ያልኩት ደስ ብሎኝ ይመስልሻል? ይቅርብሽ።»

ትታው መንገድ ጀመረች። የላስቲኳን ጫፍ አፈፍ አድርጎ ያዛት።

«የሚሞት ሰው አልመሰለኝም» አለ። «ደክሞት የተቀመጠ ነው የመሰለኝ። ፈገግ ሁሉ ብሎልኛል። ላንሳህ ብለው እምቢ አለ። እሱ የፈለገው…»

«ምን? ምን ፈለገ?»

አናጢው በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ።

«"ሚስቴ አሁን በአጠገቤ አለፈች፤ ሮጠህ ድረስባትና መልስልኝ" አለኝ።»