ሳይጎድል ይመለስ

የሕዋስ ባለቤትነት አዋጅ ከወጣ ወዲህ፣ ከሕፃን ገላ የወጣ ነገር ባለቤቱ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ አይጣልም። ስንዱም የሰባት ዓመት ልጇን የኢዮስያስን ጥፍር በብልቃጥ፣ በካንሰር መድኃኒቱ የረገፈውን ፀጉሩን በፌስታል አድርጋ፣ ቁጥር ለጥፋበት፣ የበርበሬው ዕቃ በነበረበት መደርደሪያ ላይ ትጠብቃለች።

መድኃኒቱ የልጁን መቅኔ ጨርሶ አጥፍቶታል። ዛሬ አስቀድሞ ከራሱ ተቀድቶ የተቀመጠው ደም ሠሪ ሕዋስ ሊመለስለት ነው። የሆስፒታሉ ርክክብ ክፍል ኃላፊ አቶ ሽፈራው ቅጹን ወደ ስንዱ ገፋ አደረጉት።

«በተቀመጠው ውስጥ አሥራ አንድ የካንሰር ሕዋስ አብሮ ተገኝቷል። ‹ሳይጎድል ተረክቤያለሁ› የሚለው ሥር ፈርሚ።»

«ማጣሪያው ያው ከጀርባዎ ቆሞ የለም እንዴ?»

«አለ፤ ይሠራልም። ግን የልጁ ንብረት ነው፣ ማጉደል አንችልም።»

«ጋሼ፣ ምስር ስለቅም ጠጠሩን የምጥለው የማን ንብረት ነው ብዬ ጠይቄ ነው?»

«ምስር አዋጅ አልወጣለትም፣ እህቴ።»

ኢዮስያስ የእናቱን ቀሚስ እንደያዘ ቀና አለ። «የኔ ከሆነ ጣሉት። አልፈልገውም።»

«ጎበዝ» አሉት አቶ ሽፈራው። «አሥራ ስምንት ሲሞላህ መጥተህ ታመለክታለህ።»

«እንዲሞላው እኮ ነው አጣሩለት የምልዎት!»

ሰውዬው ሰዓታቸውን አዩ። ስንዱ ካልፈረመች ልጇ ያለ መቅኔ ብዙ እንደማይከርም ታውቃለች። እስክሪብቶውን ጨብጣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ተጭና ፈረመች።

አቶ ሽፈራው ቀዳዳውን በጣታቸው ዳሰሱና ከመሳቢያው ሌላ ቅጽ አወጡ።

«ይሄ አይሆንም» አሏት። «ቅጹ ንጹሕ መሆን አለበት።»