ሂሩት አሮጊቷን ስትጫወት

ሂሩት ወገቧን ይዛ እያነከሰች መድረኩን ስትዞር የዳምቦያ ሰው በሳቅ ፍርስ አለ።

"እንሰቴን ጥዬ የትም አልሄድም! ጥጃዬም ከእኔ ጋር ነው የሚያድረው!" አለች ድምፅዋን የአሮጊት አስመስላ። ይህቺ ልጅ እኮ ጉድ ናት!

የኪነት ቡድኑ ድራማ ስለ መንደር ምሥረታ ነው። አዲሱ መንደር የገባው ቧንቧና ትምህርት ቤት ያገኛል፤ አልገባም ያለችው አሮጊት ከከብቶቿ ጋር ጭስ ውስጥ ትቀራለች። በዚያ ዓመት በሬዲዮም በስብሰባም የሚወራው ይኸው ብቻ ነበር። ድራማው ሲያልቅ ገበሬ ማኅበሩ እጅ አውጥቶ ይወስናል።

ሂሩት አነካከሱን የወሰደችው ከአክስቷ ከትርፊት ነው። እናቷ ስትሞት ወስዳ ያሳደገቻት፣ እንሰት ፍቃ ቆጮ ሸጣ ያስተማረቻት ትርፊት። ትመጣለች ብላ መቼ አሰበች! አሁን ግን ፊት ለፊቷ ሣሩ ላይ ተቀምጣ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ከሁሉም በላይ ትስቃለች። የተቀዳችው እሷ መሆኗን አላወቀችም ማለት ነው። ሂሩትን እፍረት አንገበገባት።

ከአውራጃ የመጣው ካድሬ፣ ጓድ አሳምነው፣ ተነሳ። "እህሳ! መንደር እንገባለን የሚል?"

አንድም እጅ አልወጣም። መሳቅ ሌላ፣ ቤት ማፍረስ ሌላ። አዲስ የሚተከል እንሰት እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ማን ያጣዋል? ካድሬው ፊቱን አጥቁሮ የኪነት ቡድኑን ገላመጠ።

ይኼኔ የትርፊት እጅ ብድግ አለ፣ ብቻውን።

ሂሩት ሮጣ አጠገቧ ተንበረከከች። "አክስቴ፣ ምን ነካሽ? አውርጂው! እንሰትሽስ?"

"ዝም በይ የኔ ልጅ፣ ሰው ይሰማል። እኔን እንደሆንሽ ገና ስትወጪ ነው ያወቅሁት። አነካከሴን እንዴት አድርገሽ ያዝሽው እቴ!" ትርፊት ሳቅ አለች። "አንቺ ሰው ፊት ቆመሽ ግቡ ብለሽ፣ ያሳደግሁሽ እኔ እምቢ ካልኩ ማን ያምንሻል?"

"እኔ እኮ ተናገሪ የተባልኩትን ነው የተናገርኩት! ከልቤ አይደለም፣ አክስቴ!"

ትርፊት ትኩር ብላ አየቻት። ከኋላቸው ሌላ እጅ ተነሳ፤ ትርፊት ከገባችማ ብለው ጎረቤቶቿ ተከተሉ፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ። ትርፊት እጇን ልታወርድ ስትል ካድሬው ጮኸ።

"ተቆጥሮ እስኪያልቅ ማንም እንዳያወርድ!"

እጇ እንደተነሳ ቀረ። ሂሩት እንዳይደክማት ብላ ክንዷን ከሥር ደገፈችላት።