የቀረችው ጥግ

የክሎሪኑን ባልዲ አንስታ የመዋኛ ገንዳው ውስጥ ልትደፋው ስትል ባሏ ከዊልቸሩ ላይ ሆኖ «ቆዪ» ይላታል። ሳይፈገፈግ መድኃኒት ማፍሰስ ከንቱ ልፋት ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ አልጌ ዝልግልግ ቆዳ አለው፣ ቆዳው ካልተላጠ ክሎሪኑ ላዩን ነክቶት ያልፋል። ይህን ሁሉ የሚነግራት በተያዘ አንደበቱ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ ነው።

ለካስ! ሁለቴ ጨምራ ሁለቴም ውሃው ጠርቶላት፣ ብዙ ሳይቆይ ግድግዳው መልሶ አረንጓዴ ለብሶባታል። ድሮ ገንዳው የእሱ ነበር፤ እሷ መዋኘት እንጂ ማጽዳት አታውቅም። ስትሮክ ግራ ጎኑን ከያዘው ወዲህ ሐኪሙ ውሃ ውስጥ ቢራመድ እግሩ እንደሚበረታ ነግሯቸዋል። እሱ ግን እንኳን ውሃ ሊገባ፣ ከወንበሩም አልነሳም ብሎ ድርቅ ብሏል። እሷም አንድ ቀን ልቡ ቢመለስ ውሃው ጠርቶ እንዲጠብቀው ብላ ትታገላለች።

ብሩሹን አንስታ ደረጃው አጠገብ መፈግፈግ ትጀምራለች።

«እየዳበስሽው እኮ ነው» ይላታል። «ሕፃን የምታጥቢ መሰለሽ?»

ጠንከር ታደርጋለች። እንደዚያም አይደለም፤ ከላይ ወደ ታች ነው፣ ደግሞ ጥጉን ረሳችው። የቱን ጥግ ስትለው ይጠቁማታል፤ እሷ ሌላውን ትነካለች። እውነትም ግራ ገብቷት ነው። ባልየው ያጉረመርማል። ድሮም ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም።

የዊልቸሩ ፍሬን ቀጭ ሲል ትሰማለች። ዞር ስትል ቆሟል። በቀኝ እጁ የደረጃውን ብረት ጨብጦ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ይነካዋል። ከኋላው ሄዳ ቀበቶውን ጭምድድ አድርጋ ትይዛለች።

«ያዝሽኝ?»

«ይዤሃለሁ።»

ብረቱን ለቆ ብሩሹን ይቀበላታል። ሲፈገፍገው ከአረንጓዴው ስር መዳፍ የምታህል ነጭ ሴራሚክ ብቅ ትላለች፣ ቀጥሎም ሌላ።

ወደ ወንበሩ ስትመልሰው ሁለቱም ያለከልካሉ። «አየሽ፣ እንዲህ ነው» ይላል በድሮው ጉራው። ጉራው እንዴት ናፍቋት እንደነበር አሁን ገና ይገባታል፤ እንባዋን በክንዷ ጠረግ ታደርጋለች።

የቀረውን ልክ እንዳሳያት፣ ከላይ ወደ ታች ትጨርሰዋለች። አንዲት ጥግ ስትቀር ብሩሹን ግድግዳው ላይ ታስደግፋለች።

«እዚያ ጋ ቀረሽ እኮ።»

«የት ጋ?» ትላለች፣ ጥጉን እያየችው። «እኔ አይታየኝም፤ ነገ ታሳየኛለህ።»

ጥጉ ያለው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው፣ ውሃው ጉልበት የሚደርስበት ቦታ።