ሥሩ የታጠበ ጽጌረዳ

የሟች እናቷን ጽጌረዳ የገደለችው በገዛ እጇ ነው። ወደ ራሷ ቤት ልትወስደው በጠራራ ፀሐይ፣ አበባው ፈክቶ ሳለ ነቀለችው፤ አፈሩ መኪናዋን እንዳያቆሽሽባት ደግሞ ሥሩ ነጭ እስኪሆን በቧንቧ ውሃ አጠበችው። ጭቃው ሲወርድ ፀጉር የሚያህሉት ቀጫጭን ሥሮችም አብረው ወረዱ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቅጠሉ ተጠቀለለ፤ አበባውም አንገቱን ደፋ።

ዕድሜውን ሙሉ በአትክልተኝነት የኖረው አባቷ ይህን ሁሉ በወጥ ቤቱ መስኮት ሲያይ ነበር። ተክሉን ይዛ ገባችና ፊቱ ያለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«ይተርፋል?»

«አይ ልጄ። ፀሐይ ስትበርድ፣ አበባው ተቆርጦ፣ ከነአፈሩ ነበር የሚነሳው።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ስነቅል እያየኸኝ አልነበር እንዴ? አፍህን ምን ያዘው?»

አባቷ ጠረጴዛው ላይ የረገፈውን ቅጠል አንድ በአንድ በጣቱ ሰበሰበ።

«ብነግርሽማ ይጸድቅልሽ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እናትሽም ሄደች፣ አንቺም ሄድሽ። እሱ እንኳ ሌላ ደጅ ከሚያብብ ይድረቅ አልኩ።»

እጇን ሳትታጠብ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። ተክሉን እዚያው ትታለት ወጣችና በሩን ዘጋችው።